የአገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ዝግጅት በሐይቅና በአምባሰል ምድር

አገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት በዳገትና በቁልቁለት፣ በድንጋይና በዛፍ ሥር መካከል ዙር እየተደጋገመ የሚካሄድ ውድድር ነው። የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በዱራንጎ ከተማ ተካሄደ፤ በ1996 ደግሞ ስፖርቱ ወደ አትላንታ ኦሎምፒክ ገባ። በኦሎምፒኩ ዓይነት ውድድር አንዱ ዙር ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር፣ ጠቅላላ ጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዙር መሪውን ከፈጀበት ጊዜ በ80 በመቶ ያህል የዘገየ ተወዳዳሪ ከውድድሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ስለዚህ ደካማ አጀማመር በኋላ የሚካካስ አይደለም።

ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ የተሰለፈችው በሁለት ስፖርቶች፣ በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ሁሉ ግን የኮርስ፣ ማለትም የአስፋልት ብስክሌት ታሪክ ነው። በአገር ውስጥ ውድድሮች ኮርስና ማውንቴን የሚባሉ ምድቦች ቢለዩም፣ የማውንቴን ሳይክል አስፋልት ላይ ሲሮጥ የተራራው ስፖርት ዋና ፈተና አብሮ አይመጣም። አፍሪካዊ በዚህ ስፖርት ከላይ መድረስ እንደሚችል የደቡብ አፍሪካው አለን ሃዘርሊ በ2024 አሳይቷል፤ በፓሪስ ኦሎምፒክ ነሐስ ካገኘ በኋላ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ለዚህ ስፖርት የሚሆን መሬት ፍለጋ ደቡብ ወሎ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር ግድም ትገኛለች። ወደ ደቡብ መንገዱ ወደ ቦሩ ሜዳ ይወጣና 2,500 ሜትርን ያልፋል። ወደ ሰሜን የአምባሰል ወረዳ ከተማ ውጫሌ አለች፤ ከእርሷ ወዲያ ጎዳናው በውርጌሳ በኩል ወደ መርሳ ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ የአምባሰል ገደላ ገደል ቆሟል። በደቡብ ምሥራቅ ውሃውን በከተማዋ አጠገብ ወዳለው የሐይቅ ሐይቅ የሚልከው አርዲቦ ሐይቅ አለ። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሜዳም፣ ረጅም ዳገትም፣ ድንጋያማ ቁልቁለትም ይገኛል።

ከፍታው ጥቅምም ጉዳትም አለው። በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። የአካባቢው ልጅ ለዚህ አየር ባዳ ባይሆንም፣ በጣም ፈጣኑን ልምምድ በሙሉ ኃይሉ ለመሥራት ይቸገራል። በ1997 እ.ኤ.አ. ሌቪን እና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በከፍታ እየኖሩ በዝቅታ መሥራት በባሕር ወለል ላይ ለሚደረግ ውድድር እንደሚጠቅም አሳይተዋል። በዚህ አገር ያ ዘዴ ውድ ካምፕ አይጠይቅም፤ ቦሩ ሜዳ ወይም ደሴ እያደሩ ለፍጥነት ልምምድ ወደ መርሳ ወይም ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል።

የወቅቱ ዕቅድ የሚወጣው ከዋናው ውድድር ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው። ዓመቱን በምዕራፍ ከፍሎ የማሠልጠን ሐሳብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየቱ ሊቅ ማትቬዬቭ ሥራ ተስፋፋ፤ አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጆ ፍሪል ደግሞ ውድድሮችን በሦስት ደረጃ መመደብን ለብስክሌተኞች አስለመደ። ሀ የተባሉት የዓመቱ ግብ ናቸው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ባይበልጡ ይመረጣል። ለ የተባሉት መፈተኛ፣ ሐ የተባሉት እንደ ጠንካራ ልምምድ የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉን ሀ ማድረግ ማንንም ለየትኛውም ውድድር አያዘጋጅም።

በሐይቅና በአምባሰል ቀኑን የሚወስነው ከሁሉ በፊት ዝናቡ ነው። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በልጉ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ዋልካው ሲረጥብ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ መንኮራኩሩን ይይዛል፤ መንገዱንም ያበላሻል። ስለዚህ የዓመቱ ግብ የካቲት መባቻ ላይ ቢሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ የዕረፍት፣ የጡንቻ ማጠንከሪያና የአስፋልት ጊዜ ይሆናሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የመሠረት፣ ታኅሣሥና ጥር የጠንካራ ሥራ ወራት ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን አዝመራ የሚሰበሰብባቸው ስለሆኑ የእግር መንገዱ ጭነት በያዙ አህዮች ይሞላል። ሳይክለኛው ለባለ ጭነቱ ቆሞ መንገድ መልቀቅ አለበት።

በመሠረቱ ወቅት ረጅምና ቀላል ጉዞ ይበዛል። መለኪያው እየነዱ ሳይቆራረጡ መናገር መቻል ነው። ሦስት ሳምንት ጫና ጨምሮ አራተኛውን ማቅለል የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ያገሩ መሬት አንድ ወጥመድ አለው፤ በአምባሰል መንገድ ሁሉ ዳገት ስለሆነ ቀላሉ ቀን ሳይታሰብ ከባድ ቀን ይሆናል። ብዙ ጠንካራ ወጣት የሚደክመው በሥራ ማነስ ሳይሆን በዕረፍት ማጣት ነው። ለቀላሉ ቀን በሐይቁ ዳር ያለውን ደልዳላ መሬት ወይም ቦሩ ሜዳን መምረጥ ይሻላል።

በውድድር ጊዜ አማካይ የልብ ምት ከከፍተኛው 90 በመቶ ግድም ይደርሳል፤ ጉልበቱም በየደቂቃው ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ በጠንካራው ወቅት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሳይከታተሉ፣ ለምሳሌ የ4 ደቂቃ ዳገት አምስት ጊዜ በ3 ደቂቃ ዕረፍት ይሠራል። የኃይል መለኪያ የሌለው ከሐይቅ ወደ ቦሩ ሜዳ ከሚወጣው መንገድ አንድ ክፍል መርጦ በየወሩ በሰዓት ቢለካ መሻሻሉን በግልጽ ያያል።

ጾምም በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው የሚኖሩበት ነው፤ 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ ከየካቲት ጀምሮ ይገባል፣ ረመዷንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ በእነዚህ ዓመታት የካቲትን ይነካል። ከባዱን ሥራ ከዚያ በፊት መጨረስ ብልህነት ነው። በረመዷን አጭር ልምምድ ከኢፍጣር ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሠራ ውሃና ምግቡ ወዲያው ይከተላል፤ ረጅሙ ጉዞ ይቀነሳል። በሁዳዴ ጡንቻ የሚጠግነውን ምግብ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ተልባ ይተካሉ። በሶ ከልምምድ በፊት ጥሩ ስንቅ ሲሆን፣ በውድድሩ መካከል ግን ለሆድ ይከብዳል። ለዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው መበጥበጥ ይበቃል።

ውድድሩን ቁልቁለት ላይም ማጣት ይቻላል። ለዳገት የተፈጠረ እግር ያለው ወጣት በአንድ ድንጋያማ መውረጃ ብቻ ያተረፈውን ሁሉ ይመልሳል። ዘዴው የሚማሩት ነው። ከኮርቻው ተነሥቶ ሁለቱን ፔዳሎች አግድም ማስተካከል፣ ክርንና ጉልበትን ማላላት፣ ዓይንን በፊት ጎማው ላይ ሳይሆን ወደፊት ጥቂት ሜትሮች አሻግሮ መጣል ነው። ፍሬን ከኩርባው በፊት ይያዛል፣ ኩርባው ውስጥ ይለቀቃል፤ የሚያቆመው በአብዛኛው የፊቱ ነው፣ አንድ ጣትም ይበቃዋል። ልቅ ጠጠር ላይ የፊቱን በድንገት መጨበጥ ግን መውደቅ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ መቶ ሜትር ያህል መውረጃ መርጦ መጀመሪያ በእግር ሄዶ ድንጋዮቹን ማየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አሥር ጊዜ መውረድ። ይህ በሳምንት ሁለት ቀን ቢገባ ከብዙ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሄልሜት የሌለው ግን አይሞክረው።

ስለ ሳይክሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዛሬ በውድድር የሚበዛው 29 ኢንች ጎማ ነው። የጎማው አየር ለአስፋልት ከሚሞላው ያነሰ ይሁን፣ ከመጠን በላይ ካነሰ ግን የውስጥ ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጦ ይቀደዳል። የግራር እሾህ ላለበት አገር ፓች፣ ማስቲሽና ፓምፕ ከኪስ አይለዩም። ሰንሰለቱ በየጉዞው ተጠርጎ ዘይት ይቀባል።

ከዋናው ውድድር በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የልምምዱ መጠን በግማሽ ያህል ይቀነሳል፤ ፍጥነቱ ግን አይቀነስም። ፈጽሞ መተኛት እግርን ያደነዝዛል። በዋዜማው ዙሩ በእግርና በሳይክል ይታያል፤ በዕለቱ ሃያ ደቂቃ ማሟሟቂያ ይደረጋል። መንገዱ ሲጠብ መቅደም አስቸጋሪ ስለሚሆን የመጀመሪያው ደቂቃ ሩጫ ነው።

ሐይቅና አምባሰል አሁን የሚጎድላቸው ዳገት ሳይሆን ምልክት የተደረገበት ዙር ነው። የወረዳዎቹ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና አሰልጣኞች ከገበሬው ተስማምተው፣ ማሳና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ክልል ሳይነኩ፣ 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ቢለዩና በየመስከረሙ ቢጠግኑት ወጣቶቹ የሚሠለጥኑበት ያገኛሉ።