ማግኔቱ አሁን የት ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት መሀል አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬን አንስቶ ነዳጅ መስጫውን ጫን ያደርጋል (ነዳጁ ቢቀርም ስሙ አልቀረም)፤ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ሽቅብ ትነሳለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሞተሩ ንቅንቅ ከማለቱ በፊት ግን ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ማወቅ ነበረበት፦ ውስጥ ያለው ማግኔት ፊቱን ወዴት አዙሯል?

በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል፣ ሮተሩ፣ ማግኔት ተሸክሟል፤ ዙሪያውን የመዳብ ጥቅልሎች ከበውታል። ኤሌክትሪክ ያገኘ ጥቅልል ማግኔቱን ይስበዋል። ማግኔቱ የሚስበው ዘንድ ከደረሰ ግን እዚያው ድርቅ ይላል። ስለዚህ ስበቱ ሁልጊዜ ቀደም ቀደም ማለት አለበት፤ ሣር እያሳዩ በግ እንደመምራት ነው።

የነዳጅ መኪና ሞተሪኖ ይህ ጥያቄ አያስጨንቀውም። ውስጡ ያለው ካርቦን ከሚዞረው ዘንግ ጋር እየተፋተገ ኤሌክትሪኩን ከጥቅልል ወደ ጥቅልል ያቀባብላል፤ ዕዳው ካርቦኑ ተበልቶ ማለቁ ነው። ካርቦን አልባው ሞተር ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጠ። ኮምፒውተር ደግሞ ዓይን ይፈልጋል።

ርካሹ ዓይን የሆል ሴንሰር ነው። ኤድዊን ሆል የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ስስ የወርቅ ቅጠል ለማግኔት ኃይል ሲያጋልጥ፣ በቅጠሉ ግራና ቀኝ ጠርዝ መካከል ጥቂት ቮልቴጅ አገኘ። ያ ግኝት ዛሬ በኤሌክትሪክ ስኩተር ጎማ ውስጥ ይሠራል። ከጎማው ብዙውን ጊዜ ሦስት ወፋፍራምና አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ። ወፍራሞቹ ጉልበት ያደርሳሉ፤ ከቀጫጭኖቹ ሁለቱ ሴንሰሮቹን ይመግባሉ፣ ሦስቱ ወሬ ያመጣሉ። ጠጋኙ ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ እያዞረ ቴስተሩን ከሦስቱ በአንዱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ቁጥሩ ከ0 ወደ 5 ቮልት ገደማ ዘሎ ተመልሶ ይወርዳል። ሦስቱ ተባብረው የሚሰጡት መልስ ስድስት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ከሞተ ስኩተሩ ሲነሳ ይንዘፈዘፋል፣ ወይም ጭራሽ አይነሳም፤ ባለቤቱ ባትሪውን ይወቅሳል።

ስድስት መልስ ለስኩተር ይበቃል፣ ለመኪና ግን ሻካራ ነው። ቶዮታ ፕሪየስን ጨምሮ ብዙ መኪኖች ሪዞልቨር የሚባል ሌላ ዓይን ይጠቀማሉ። እሱ ብረትና ጥቅልል እንጂ ስስ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለበት የሞተሩን ሙቀትና ንዝረት ይችላል።

የብዙ ድሮኖች ሞተር ዓይን የሚባል ነገር የለውም። ማግኔቱ ሲዞር በጥቅልሎቹ ውስጥ የሚፈጥረውን ቮልቴጅ እየተከታተለ ኮምፒውተሩ ቦታውን ይገምታል። የቆመ ሞተር ግን ቮልቴጅ አይፈጥርም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በጭፍን ይገፋዋል። የድሮን ክንፎች ሲነሱ ብርግግ የሚሉት ለዚህ ነው። አየር ብቻ ለሚቀዝፍ ምንም አይደል፤ እንጦጦ ላይ ግን አያዋጣም።

ቦታው ሲታወቅ የትእዛዙ ጉዳይ ይመጣል። ሾፌሩ በእግሩ የሚያዘው በመሠረቱ ፍጥነት ሳይሆን የመጠምዘዝ ኃይል ነው፤ በዚያው አረጋገጥ መኪናዋ ሜዳ ላይ ፈጥና ዳገት ላይ የምትዘገየው ለዚህ ነው። ክሩዝ ኮንትሮል ሲበራ ትእዛዙ ፍጥነት ይሆናል፣ ኃይሉን ኮምፒውተሩ ይመጥናል። የፋብሪካ ሮቦት ክንድ ደግሞ የሚታዘዘው ቦታ ነው፤ ገፋ ቢያደርጉት ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ትእዛዞቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክተዋል፦ ቦታ ፍጥነትን ያዛል፣ ፍጥነት ኃይልን፣ ኃይል በጥቅልሎቹ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ። ይህ የመጨረሻው በሴኮንድ 10,000 ጊዜ ገደማ ይታረማል፤ በታረመ ቁጥርም ማግኔቱ የት እንዳለ እንደገና ይጠየቃል።