ጨዋታና የሕፃናት ትምህርት በአሶሳ አካባቢ

ጨዋታን የትምህርት ተቃራኒ አድርጎ የመመልከት ልማድ ዛሬም አልቀረም። ወላጅ «ጨዋታማ እቤቱም አለለት» ይላል፤ መምህርም ክፍሉ ጸጥ ሲል ትምህርት የሚካሄድ ይመስለዋል። የሕፃን አእምሮ ግን ነገርን የሚረዳው በቅድሚያ በእጁ ሲነካካ፣ ሲደረድርና ሲያፈርስ ነው።

ይህን ለመገንዘብ ገበታን መመልከት ይበቃል። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ መሬት ላይ ተቆፍሮ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ቢደረግ በጠቅላላው 48 ጠጠር ይሆናል። ሕፃኑ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር አፍሶ ለቀጣዮቹ አንድ በአንድ ሲያድል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ለአንድ ነገር ብቻ እንደሚቆም በተግባር ይማራል፤ የመቁጠር መሠረቱም ይኸው ነው። ቆየት ሲል ደግሞ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ሳይነካ አስቀድሞ ማስላት ይጀምራል። ይህን ችሎታ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ለማስጨበጥ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚጠይቅ መምህራን ያውቁታል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች ሲሆኑ፣ በአሶሳ ከተማ በልዩ ልዩ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ልጆች በአንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ። የመምህሩ ቋንቋ የማይገባው ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ስንፍና ይቈጠርበታል። በጨዋታ ላይ ግን ይኸው ልጅ «ተራዬ ነው» ለማለት ሲፈልግ ቃሉን ከጓደኛው አፍ ይቀበላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ክልል በዩኒሴፍ ድጋፍ የተሞከረው የተፋጠነ የትምህርት ዝግጁነት መርሐ ግብር፣ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ያላገኙ ሕፃናትን አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በጨዋታ ለማዘጋጀት የታለመ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ከወጣው የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ዜሮ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ወደ ታች የወረደ አንደኛ ክፍል ሆኖ ይገኛል። ልጆች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ፊደል በኅብረት ሲሉ ይውላሉ። ምክንያቱ ሲጠየቅ የመሣሪያ እጥረት ይነሣል። እጥረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አሶሳ የሽመል አገር ናት። ሽመል በልዩ ልዩ ርዝመት ተቆርጦ፣ ስለታም ጠርዙም ተፍቆ ቢለሰልስ ለመቁጠሪያም ለመለኪያም ያገለግላል።

ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባል። ተጨማሪ የመማሪያ ክፍል ማሠራት ባስፈለገ ቁጥር በቅድሚያ የሚቆረሰው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ነው። ውሃ ስትቀዳና ታናሿን ስታዝል ለምትውል ልጅ ደግሞ «እቤቱም አለለት» የተባለው ጨዋታ የለም፤ የምትጫወተው ትምህርት ቤት ከፈቀደላት ብቻ ነው።