ልጅን በቤት ማስተማር፤ ከየት ይጀመራል?

ከመቱ ተነሥተን ኡካ የገባነው በዝናብ ነበር። የኢሉባቦር ዝናብ በሌላው አገር እንዳለው ክረምትን ብቻ ጠብቆ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን አብሮ የሚኖር ቤተኛ ነው። ያሳደረን በዩኒቨርሲቲ ጥቂት ይቀድመን የነበረ ወዳጃችን ሲሆን፣ አሁን በዚያ በመንግሥት ሥራ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ፣ የአምስትና የሦስት ዓመት ልጆቹ፣ እንዲሁም የባለቤቱ እናት አብረውት ይኖራሉ።

ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ወዳጃችን የልቡን አወጣ። «ትልቋን ልጅ ቤት ልናስተምራት አስበናል፤ ከጸሎትና ከፊደል እንጀምር ብለናል። አንተ ስለ ትምህርት ትጽፋለህና ምን ትለናለህ?» አለን። ቀደም ሲል ይኖሩበት በነበረ ከተማ ልጅቱ ሕፃናት እንደ እህል በታጨቁበት ክፍል ጥቂት ወራት ተቀምጣ፣ ይዛ የተመለሰችው ዝም ማለትን ብቻ እንደሆነም ነገረን። ባለቤቱ ግን ጀበናዋን እንደያዘች፣ «እኔ መምህርነት አልተማርኩም፤ የዛሬው ድፍረቴ ነገ ልጄን ከእኩዮቿ ቢያስቀርብኝስ?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ሌሊት በቂ መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ነገሩን ቆይተን አስበንበት፣ ልጅ ላላቸውም ነገ ለሚኖራቸውም ወጣት አንባቢዎቻችን ይህን ጻፍን።

መቼም ልጅን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ከየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቈጥር ነበር። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት በሰባት ሲያባዛ 231 ይደርሳሉ። ከዚያም አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉንና ዳዊትን በየተራ ይይዛል። በዚህ ሥርዓት የሚደነቀው ነገር ልጁ ያንዱን ደረጃ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አለመሻገሩ ነው፤ ፈጣኑ አይታሰርም፣ ዘገምተኛውም አይተውም። በቤት ማስተማር ጥቅም አለው ከተባለ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው።

ከባሕር ማዶም አንዲት እናት እናንሣ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የጆን ዌስሊ እናት ሱዛና ዌስሊ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ወልዳ ያደጉላት አሥር ናቸው። እነዚህን በእንግሊዝ አገር በኤፕወርዝ ከተማ በቤቷ ስታስተምር፣ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ፊደል አታስይዘውም ነበር። ከፊደሉ ቀጥሎ የሚነበበው የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። ጧት ሦስት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላም ሦስት ሰዓት ያስተምሩ ነበር። ከዚህም ሌላ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ምሽት ለብቻው የሚጨዋወቱበት ጊዜ ነበረው። እርሷም የመምህርነት ትምህርት አልተማረችም፤ ያላት ሥርዓትና ትዕግሥት ነበር።

ነገር ግን በሩቅ አገር ከምንቆይ፣ ከመቱ ሩቅ ወዳልሆነው ወደ ሁሩሙ እንመለስ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በዚያ አካባቢ ነው። ገና በሕፃንነቱ ከእናቱ ተነጥቆ በባርነት ተሸጠ፤ በ1870 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በምጽዋ ነፃ ወጣ። በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በግዕዝ ፊደል በ1899 አሳተመ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1894፣ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋራ የንባብ መማሪያ አዘጋጅተው ነበር። በውስጡም ሕፃን በምድጃ ዳር የሚሰማውን የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ አኖሩበት። የእናቱን ቤት ያጣ ሰው፣ ንባብ ከእናት ቤት ቋንቋ መጀመር እንዳለበት ተረድቶ ነበር ማለት ነው።

ይህን ካልን ችግሩንም መሸሸግ አይገባንም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታወጅ፣ ወላጅ ሁሉ ሳያስበው መምህር ሆነ። መጽሐፍና ጊዜ ባለበት ቤት ልጅ ጥቂት ገፋ፤ እናት ገበያ፣ አባት እርሻ በሚውልበት ቤት ግን የትናንቱም ተረሳ። በቤት ማስተማር ፍቅር ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ሰዓት ይጠይቃል። የውጭ አገር መንግሥታትም በነገሩ አይስማሙም፤ በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ሲሆን፣ ጀርመን ልጅ የግድ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ታዛለች።

እንግዲህ ለወዳጆቻችን ኋላ የሰጠናቸው ምክር የሚከተለው ነው። በአገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ስለሆነ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ያሉት ሁለት ዓመታት የቤት ይሁኑ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጅቱ ትምህርት ቤት ትግባ። ለአምስት ዓመት ልጅ በቀን አንድ ሰዓት፣ ያውም ለሁለት ተከፍሎ፣ ይበቃል። ቍጥርን በቡና ፍሬ ትማር፤ ኢሉባቦር የቡና ፍሬ አጥቶ አያውቅም። ጸሎቱ አጭር ይሁን፤ የመጽሐፍ ቅዱሱም ታሪክ በቃል ይነገራት እንጂ የቅጣት ማስፈራሪያ አይሁን፤ እግዚአብሔርን በአለንጋ የተማረ ልጅ አለንጋውን እንጂ እግዚአብሔርን አያስታውስም።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። የአማርኛ ፊደልን ብቻ ይዛ የምትገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ትሆናለች። ስለዚህ ሁለቱንም ትያዝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጎረቤት ልጆች ጋራ ጭቃ ታቡካ፤ ቋንቋውንም ጓደኝነቱንም ከነርሱ ትማራለች። እናቲቱ የፈራችው ከእኩዮች መቅረት የሚመጣው ከፊደል ይልቅ ከብቸኝነት ነው።

በነጋታው ልንሰናበት ስንል ልጅቱ በደጃፉ ተቀምጣ በስንደዶ ፊደል ትቈጥር ነበር። አያቷ አጠገቧ ናቸው፤ ማታ ማታ ተረት የሚነግሯት እርሳቸው ናቸው፤ ፊደል ግን አያውቁም። ልጅቱ «ለ» ላይ ደርሳ፣ «እማማ፣ አንቺም በይ!» አለቻቸው። አሮጊቷ ወደ እኛ ዘወር ብለው ሳቁና፣ «እንግዲህ ምን ይደረግ ልጄ፤ የኔታ አዘዙኝ» ብለው ጣታቸውን ከስንደዶው አጠገብ አኖሩ።

እናቲቱ ከጓዳ ሆና ይህን ስታይ አየናት። ጥያቄዋ ገና አላለቀም ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ጧት ሥራው ተጀምሮ ነበር።