የቀረጥ ጦርነት፦ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

«አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ 145 በመቶ ታሪፍ ጣለች» የሚለውን ዜና የሰማ ብዙ ሰው ገንዘቡን የምትከፍለው ቻይና ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እዚህ ታሪፍ የተባለው እኛ የምናውቀው የጉምሩክ ቀረጥ ነው፤ ጉምሩክ ደግሞ የሚያስከፍለው ላኪውን ሳይሆን አስመጪውን ነው። የቻይና ጫማ የሚያስገባ አሜሪካዊ ነጋዴ ቀረጡን የሚከፍለው ለራሱ መንግሥት ነው። ከዚያ ወይ ከትርፉ ይችለዋል፣ ወይ አቅራቢው ዋጋ እንዲቀንስለት ይደራደራል፣ ወይም በዕቃው ላይ ጨምሮ ለገዢው ያስተላልፈዋል። ከመርካቶ አስመጪ ጋር ለሚነግድ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ታዲያ መንግሥታት ቀረጥ ለምን ይጥላሉ? ምክንያታቸው በአብዛኛው ከሦስት አይወጣም፦ ገቢ ለማግኘት፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካን ከውጭ ርካሽ ዕቃ ለመከላከል፣ ወይም ሌላውን አገር ለማስገደድ።

ታሪካችን ምን ይላል?

የአጸፋ ቀረጥ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የሆኑት ቃዲ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተሰኘው ሥራቸው እንደዘገቡት፣ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ባዕድ ግዛት ሲሄዱ ከንብረታቸው አንድ አሥረኛ እንደሚወሰድባቸው ለኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ጻፉ። ዑመርም ከእነዚያ አገሮች ከሚመጡ ነጋዴዎች በዚያው ልክ እንዲወሰድ አዘዙ። በኸሊፋው ግዛት ከሚኖሩ ሙስሊም ያልሆኑ ነጋዴዎች ግን 5 በመቶ፣ ከሙስሊሞች ደግሞ የዘካው መጠን የሆነው 2.5 በመቶ ብቻ ይወሰድ ነበር።

ኢማም ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡት ሌላ ነገርም አለ። ዑመር የነበጥ ነጋዴዎች በሚያመጡት ስንዴና ዘይት ላይ ቀረጡን በግማሽ ቀንሰው ነበር። ዓላማቸው ወደ መዲና የሚገባው ጭነት እንዲበዛ ነው። አጸፋ መመለስ እንዳለ ሆኖ፣ የሕዝቡ መሶብ እንዳይጎዳ መጠንቀቅም አብሮ ነበር ማለት ነው።

ከ2018 ወዲህ የሆነው

የአሁኑ ፍጥጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ ጁላይ 2018 ነው። የዶናልድ ትራምፕ አስተዳደር 34 ቢሊዮን ዶላር በሚያወጣ የቻይና ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ቻይናም በዚያው ቀን ተመጣጣኝ አጸፋ መለሰች፤ ዒላማ ካደረገቻቸው ምርቶች ዋነኛው የአሜሪካ ገበሬዎች አኩሪ አተር ነበር። ገበያ ያጡትን ገበሬዎች ለመደጎም የአሜሪካ መንግሥት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 28 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድጋፍ መደበ። በአንድ እጅ የተሰበሰበው ቀረጥ በሌላ እጅ ለተጎጂው ወጣ ማለት ነው።

ጆ ባይደን ሲመጡም ቀረጡ አልተነሳም። እንዲያውም በ2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ወደ 100 በመቶ ከፍ አለ። በ2025 ትራምፕ ሲመለሱ እልሁ ጣራ ነካ፦ በኤፕሪል ወር አሜሪካ 145 በመቶ፣ ቻይና 125 በመቶ ደረሱ። በዚህ መጠን ንግድ ሊቀጥል ስለማይችል በሜይ ጄኔቫ ላይ ተገናኝተው አሜሪካ ወደ 30፣ ቻይና ወደ 10 በመቶ አወረዱ።

ቻይና ከቀረጥ ሌላ መሣሪያም ነበራት። ለሞተር፣ ለስልክና ለጦር መሣሪያ የሚያስፈልጉ ብርቅዬ ማዕድናት ወደ ውጭ የሚወጡበትን መንገድ አጠበበች። በሴፕቴምበር 2025 ከአሜሪካ አኩሪ አተር ጨርሶ አላስገባችም። ኦክቶበር 30 ትራምፕና ዢ ጂንፒንግ ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ ሲገናኙ ከተስማሙባቸው ጉዳዮች መካከል እነዚሁ ሁለቱ፣ አኩሪ አተሩና ማዕድኑ፣ ነበሩ።

በመሀል ያሉት

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው እንዲሉ፣ አሜሪካ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ይፋ ያደረገችው ዝርዝር ቻይናን ብቻ የያዘ አልነበረም። ባንግላዴሽ 37፣ ኢንዶኔዥያ 32፣ ማሌዥያ 24 በመቶ ተመድቦባቸው ነበር። የባንግላዴሽ የውጭ ንግድ ገቢ ከ80 በመቶ በላይ የሚመጣው ከልብስ ነው፤ ስለዚህ በዳካ ማሽን ላይ ለተቀመጠች ሰፊ ይህ ቁጥር የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከድርድር በኋላ ባንግላዴሽ ወደ 20፣ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ወደ 19 በመቶ ወረዱ። ለዚህ ግን ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡት ነገር ማቅረብ ነበረባቸው።

ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር የተመደበላት ዝቅተኛው፣ 10 በመቶ፣ ነበር። እኛ ግን የቀረጥን ጉልበት ከዚያ በፊት አይተነዋል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በጦርነቱ ሳቢያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስንወጣ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራቸውን አጥተዋል። በፖለቲካው ውሳኔ እጃቸው አልነበረበትም፤ ሂሳቡ ግን ለእነሱ ደረሰ።

በሌላ በኩል ቻይና ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ካሉት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የሚመጣን ዕቃ ከቀረጥ ነፃ አድርጋለች። ሰሊጥና ቡና ለሚልክ ነጋዴያችን በር ነው። በሩ የሚጠቅመን ግን የምናስገባበት ምርት ስናዘጋጅ ነው፤ ጥሬውን ልከን የተሠራውን መልሰን የምንገዛ ከሆነ ትርፉ ከእኛ ጋር አይቀርም። አሜሪካ የዘጋችበት የቻይና ዕቃ ወደ እኛ ገበያ ቢዞርም እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው፦ ለሸማቹ ርካሽ ነው፤ ለጀማሪው የአገር ውስጥ አምራች ግን ፈተና ነው።

እንግዲህ ስለ ቀረጥ ዜና ስንሰማ «ማን በማን ላይ ጣለ?» ብለን ብቻ አንለፍ። «መጨረሻ ላይ ከማን ኪስ ይወጣል?» ብለንም እንጠይቅ። ዑመር (ረ.ዐ) የስንዴውን ቀረጥ የቀነሱት ይህንኑ ጠይቀው ነው። ወላሁ አዕለም።