ደጋግሞ ማየት ለምን አያሳርፍም?

ምድጃውን ማጥፋቱን አይቶ ከቤት የወጣ ሰው የግቢው በር ጋ ሲደርስ ጥርጣሬ ይይዘዋል። ተመልሶ ያያል፤ ጠፍቷል። መንገድ ሲጀምር ያው ጥርጣሬ እንደገና ይመጣል፤ አሁን ግን በርትቶ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ ዐይኑ እያየ ልቡ አላምን ይላል።

ማርሴል ፋን ደን ሃውት እና ሜሬል ኪንት የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸዋል። ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም የሌለባቸው ተማሪዎች በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታይ የጋዝ ምድጃ እያበሩ፣ እያጠፉና መጥፋቱን እያረጋገጡ ደጋግመው እንዲሠሩ አደረጉ። መጨረሻ ላይ የቱን እንዳጠፉ ሲጠየቁ በትክክል መለሱ። ትዝታቸው ግን ደብዝዞ ነበር፤ በራሳቸው ትዝታ ላይ የነበራቸው እምነትም ወርዶ ተገኘ። ማስታወሱን ያስታውሳሉ፤ ማስታወሳቸውን ግን አያምኑም። ፍተሻው ጥርጣሬውን ሊያጠፋ ሲገባው ራሱ ወለደው ማለት ነው።

በጭንቀት ላይ ላለ ሰው ብዙዎቻችን የምንሰጠው ምክር «አረጋግጥና ልብህ ይረፍ» የሚል ነው። ለሌላው ሰው ምንም አይደል። ኦሲዲ ለያዘው ሰው ግን በሽታውን መቀለብ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኦሲዲ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ሳይጠሩት እየመጣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ሲሆን ሌላው ያንን ጭንቀት ለማስታገስ የግድ የሚደረግ ድርጊት ነው። ከመቶ ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ይይዛቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በጉርምስና ወይም በወጣትነት ይጀምራል። ሕመምተኛው የሚያፍረው በሐሳቡ ነው። ሕፃን ታቅፎ ፎቅ ላይ እንደቆመ «ብወረውረውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልበታል፤ ወይም በቅዳሴ መሐል ለማንም የማይነገር የስድብ ቃል ይመጣበታል። ከዚያ በኋላ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» እያለ ይሠቃያል።

መልሱ «እንደማንኛውም ሰው» ነው። ስታንሊ ራክማን እና ፓድማል ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ከመቶ ሰማንያው እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት ደግሞ ቁጥሩን ወደ 94 ከመቶ አድርሶታል፤ ያውም ባለፉት ሦስት ወራት ብቻ። የአብዛኛው ሰው ሐሳብ መጥቶ ያልፋል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ግን ይዞ ይመረምረዋል፤ ሐሳቡ ምስክር ሆኖ የቆመበት ይመስለዋል። ሊያባርረው ሲታገል ደግሞ ይብስበታል። አሜሪካዊው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ ሞክሮ ድቡ ከአእምሯቸው አልወጣ ሲል ያየው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡን ማዘዝ አይቻልም። ድርጊቱን ግን ይቻላል፤ በእጃችን ያለው መያዣ እሱ ብቻ ነው። ይህን በሕክምና ያሳየው ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ያከማቸውን ሁለት ሴቶች ታሪክ አሳተመ፤ አንዷ ስትታጠብና ስታጸዳ የምትውል፣ ሌላዋ የስድብ ሐሳብ የሚያስጨንቃት። ነርሶች አጠገብ ሆነው ድርጊቱን እንዳይፈጽሙ ከለከሉ፤ የውኃ ቧንቧ እስከ መዝጋት ደረሱ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች እንዲህ ያለው ክልከላ ሕመምተኛውን ያፈርሰዋል ብለው ይፈሩ ነበር። የሆነው ግን ጭንቀቱ ወጣ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ፤ ሁለቱም ተሻላቸው። ዛሬ ለኦሲዲ በዓለም ዙሪያ ቀዳሚ የሆነው የንግግር ሕክምና ከዚህ የመነጨ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በሽታው ቀለል ላለባቸው ሰዎች በባለሙያ የታገዘ የራስ አገዝ ልምምድን ይፈቅዳል። ልምምዱ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይጀመራል፤ ለአንድ ሳምንት ምን እንደፈሩ፣ ምን እንዳደረጉ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ መጻፍ። ቀጥሎ የተጻፈውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ መደርደርና ከታች መጀመር። የበር እጀታ ነክቶ እጅ አለመታጠብ የሚያስፈራው ሰው መጀመሪያ የራሱን ቤት እጀታ ይንካ፤ የታክሲው ይቆየው። ከነኩ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ሥራው። አለመታጠብ፣ በልብም «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» አለማለት፣ ጭንቀቱን እያዩት መቀመጥ። ነገ እንደገና፣ ከነገ ወዲያም እንደገና።

ጨርሶ መተው ካልተቻለ ማዘግየት ይቻላል። የሎስ አንጀለሱ ሐኪም ጄፍሪ ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ 15 ደቂቃ መጠበቅን፣ በዚያ መሐልም እጅ የሚይዝ ሌላ ሥራ መሥራትን ይመክራል። ይህ ምክሩ ጥሩ ነው። «ይህ እኔ አይደለሁም፣ ኦሲዲ ነው» ብሎ ለሐሳቡ ስም መስጠት የሚለው ምክሩም ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንዴ ብቻ። መቶ ጊዜ ከተባለ እሱም እንደ ድግምት አዲስ አባዜ ይሆናል። በሽታው ተንኮለኛ ነው። ምድጃውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ዘዴ ይመስላል፤ ከወር በኋላ ፎቶውን ደጋግሞ ማየት ይጀመራል።

ጥርጣሬው ሃይማኖት ውስጥ ሲገባ በጣም ይከብዳል፤ ሰውየው ሕመም ሳይሆን ትጋት ይመስለዋልና። ጸሎቱን «በልቤ አላልኩትም» ብሎ ከመጀመሪያው ይደግማል፤ የተናዘዘውን ኃጢአት ለንስሐ አባቱ መልሶ ይናዘዛል፤ ሙስሊሙም ውዱኡን (ከጸሎት በፊት የሚታጠበውን) አራት አምስት ጊዜ ያድሳል። የሃይማኖት አባቶች ግን ይህን ከሥነ ልቦና ሊቃውንት በፊት አውቀውታል። የሲናው ዮሐንስ ከ1,400 ዓመታት ገደማ በፊት በጻፈው «መሰላል» ውስጥ በስድብ ሐሳብ ለ20 ዓመት የተሠቃየ መነኩሴን ታሪክ ይተርካል። መነኩሴው ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠ። አረጋዊው ፈገግ አለ፤ መነኩሴው እጁን በእሱ አንገት ላይ እንዲያኖር አደረገና ኃጢአቱን በራሱ ላይ ወሰደ። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከእንግዲህ ለሐሳቡ ቦታ አለመስጠት። በእስልምና ሕግም እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይሻርም የሚል መሠረታዊ ደንብ አለ፤ ውዱእ ያደረገ ሰው መፍረሱን ስለተጠራጠረ ብቻ አያድስም። የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን አንዴ ጠይቆ መመሪያ መቀበል ተገቢ ነው። በየቀኑ መጠየቅ ግን ያው ምድጃ ነው።

ቤተሰብም ሳያውቅ የበሽታው አገልጋይ ይሆናል። እናት «ቆልፌዋለሁ ልጄ፣ በማርያም!» ብላ ትምላለች፤ ልጅ ለደቂቃ ያርፋል፤ ተመልሶ ይጠይቃል። ይህን በቁጣ ማቋረጥ አያስፈልግም። ሰውየው ደህና በሆነበት ሰዓት ተነጋግሮ «ከአንዴ በላይ አልመልስልህም፤ ስትጨነቅ ግን አጠገብህ እቀመጣለሁ» ብሎ መስማማት ይበጃል።

ጥፍር መንከስና ፀጉር መንጨት ከኦሲዲ ጋር ቢዛመዱም መንገዳቸው ለየት ይላል። ናታን አዝሪን እና ግሪጎሪ ነን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ዘዴ እጅ ሊነሣ ሲል አስቀድሞ ማወቅና ለጥቂት ደቂቃ ጭብጥ አድርጎ መያዝ ነው። ቀላል ነው፤ ይሠራልም።

ራስን መርዳት ወሰን አለው። ሐሳቡና ድርጊቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ካስተጓጎሉ፣ ወይም መሞትን የሚያስመኝ ኀዘን ከተጨመረበት ብቻዎን አይታገሉ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያማክሩ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የሚታወቅ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሕክምናውን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ለኦሲዲ የሚታዘዙት ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ባለ መጠን ነው፤ ውጤታቸውን ለማየትም እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።