ልብ አንጠልጣይ ታሪክና ተመልካቹ

ሰው በሲኒማ መጋረጃ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት የሚያየው ታሪክ የፈጠራ ሥራ መሆኑን ያውቃል። ይሁንና ገጸ ባሕርዩ አደጋ ላይ ሲወድቅ የተመልካቹ ልብ በኃይል ይመታል፤ መዳፉ ያልበዋል፤ ትንፋሹን ይውጣል። ታሪኩ በእጅ በተሣሉ ሥዕሎች የተሠራ ቢሆንም እንኳ ይህ ስሜት አይቀርም። ለመሆኑ የሚያየው ሥዕል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስለ ምን ይጨነቃል? የሚጨነቀውስ ለማን ነው? የዚህ ምንባብ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ የታወቀ ምሳሌ አማካይነት ማብራራት ነው።

ወደ ምሳሌው ከመግባታችን አስቀድሞ ተመልካቹ ስሜቱን የሚገልጽበት ሁኔታ በየዘመኑ የሚለወጥ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ለዚህም የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች። በከተማዋ እምብርት ሱቅ ዐረቢ የሚባል ሰፊ ገበያ ይገኛል። «ሱቅ» በአማርኛ አንዱን መደብር ሲያመለክት በዐረብኛ ግን ገበያውን በሙሉ ያመለክታል፤ ስለዚህ ሱቅ ዐረቢ ማለት «የዐረብ ገበያ» ማለት ነው። በዚሁ በመሐል ከተማ ኮሊሲየምን የመሳሰሉ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ። ከካርቱም ሲኒማ ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያ ስላልነበራቸው ፊልም የሚታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። የሕንድ፣ የግብፅና የአሜሪካ ፊልሞች በሚታዩባቸው በእነዚህ ስፍራዎች ፍርሃቱም፣ ሳቁም፣ ጭብጨባውም የጋራ ነበር። አንዱ ሲደነግጥ ጎረቤቱ ይሰማዋል፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ከተካሄደው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ግን የሱዳን ሲኒማ ቤቶች እየተዳከሙ ሄደው አብዛኞቹ ተዘጉ። ተመልካቹም ወደየቤቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ስፔስቱን የተባለው የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ ወደ ዐረብኛ የተመለሱ የጃፓን ካርቱኖችን በሳተላይት አማካይነት አሰራጨ። «መርማሪ ኮናን»ን የመሳሰሉ ታሪኮችም በዚህ መንገድ በዐረቡ ዓለም ታወቁ። ቀጥሎም የእጅ ስልክ እየተስፋፋ ሲመጣ በጋራ መጋረጃ ፋንታ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስታወት በመዳፉ ያዘ። ሱቅ ዐረቢ ራሱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተጀመረው ጦርነት ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል። እንግዲህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተመልካች ከብዙኃኑ መካከል ወጥቶ ብቻውን የሚደነግጥና ብቻውን የሚፈርድ ሆነ ማለት ነው። ብቻውን የሚፈርድ ሰው ደግሞ ስሜቱን ይበልጥ ሊመረምር ይገባዋል።

የጃፓን ካርቱን ፊልም በተለምዶ «አኒሜ» ይባላል። አኒሜ ለሕፃናት ብቻ የሚዘጋጅ አይደለም። ከዓይነቶቹ አንዱ ግጭቱ በጡንቻና በመሣሪያ ሳይሆን በሰዎች አእምሮ ውስጥ የሚካሄድበት ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ነው። ከእነዚህም መካከል እጅግ የታወቀው «ዴዝ ኖት» የተሰኘው ሲሆን ትርጓሜው «የሞት ደብተር» ማለት ነው። ደራሲው ጹጉሚ ኦባ፣ ሠዓሊው ታኬሺ ኦባታ ናቸው። ታሪኩ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በሥዕላዊ መጽሔት በተከታታይ ታተመ፤ ከዚያም ማድሃውስ የተባለው ድርጅት በ37 ክፍል ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በጃፓን ቴሌቪዥን ታየ።

የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ላይት ያጋሚ የተባለ ጎበዝ ተማሪ ነው። ይህ ልጅ አንድ ቀን እንግዳ ደብተር ያገኛል። የሰውየውን መልክ በአእምሮው ይዞ ስሙን በደብተሩ ላይ የጻፈ እንደሆነ ያ ሰው ይሞታል። ላይትም ዓለምን ከወንጀለኞች አጸዳለሁ ብሎ ስም መጻፍ ይጀምራል። ኤል የተባለ መርማሪ ይከታተለዋል። የላይት አባት የፖሊስ አዛዥ በመሆናቸው ከመርማሪው ጋር ሆነው ገዳዩን ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉት ሰው ግን በገዛ ቤታቸው የሚኖር ልጃቸው መሆኑን አያውቁም።

ብዙ ተመልካቾች የሚያስታውሱት ትዕይንት የሚገኘው በስምንተኛው ክፍል ነው። መርማሪው በላይት ክፍል ውስጥ 64 ካሜራዎችን በድብቅ ያስተክላል። አባትየውና መርማሪው ተቀምጠው ልጁን ያዩታል። ልጁ በጠረጴዛው ላይ ሒሳብ ይሠራል፤ አልፎ አልፎም ከከረጢት ውስጥ የድንች ቺፕስ እያወጣ ይበላል። በከረጢቱ ውስጥ ግን አነስተኛ ቴሌቪዥንና ከደብተሩ የተቀደደ ወረቀት ተደብቋል። በቀኝ እጁ ሒሳቡን እየሠራ በግራ እጁ በዜና ላይ የሚያያቸውን ወንጀለኞች ስም ይጽፋል። በትዕይንቱ ጥይት አይተኮስም፤ የሚሮጥ ሰውም የለም። አንድ ተማሪ እያጠና ቺፕስ ይበላል፤ ይኸው ነው። ታዲያ የተመልካቹን ልብ የሚያንጠለጥለው ምንድን ነው?

መልሱ ተመልካቹ የያዘው ምስጢር ነው። የታወቀው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው አዘጋጅ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ውይይት ይህን ጉዳይ በምሳሌ አስረድቷል። ሰዎች ተቀምጠው በሚጨዋወቱበት ጠረጴዛ ሥር ያለ ፈንጂ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰከንዶች ይደነግጣል። ፈንጂው መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ተራው ወሬ ሁሉ ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱም እስከሚፈነዳ ድረስ ይዘልቃል። ቺፕሱም እንደዚሁ ነው። አባትየው የሚያዩት ምግብ ነው፤ ተመልካቹ የሚያየው ሞት ነው። በሁለቱ ዕውቀት መካከል ያለው ክፍተት በሰፋ መጠን ጭንቀቱ ይበረታል።

ይህን ትዕይንት ያዩ ሰዎች የሰጡት ምላሽ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዶቹ በጭንቀት ተውጠው ተመለከቱት። ሌሎቹ ግን ቺፕስ መብላትን ያህል ተራ ነገር በታላቅ ሙዚቃና በጀግና ንግግር ታጅቦ ሲቀርብ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በዚህም የተነሳ ትዕይንቱ በብዙ አገሮች የታወቀ መቀለጃ ሆነ። እነዚህ ምላሾች የሚቃረኑ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። የተወጠረ ስሜት መውጫ ይፈልጋል፤ ሳቅም አንዱ መውጫ ነው።

ከሁለቱም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ምላሽ ነው። ተመልካቹ በዚያ ቅጽበት በልቡ «እንዳይያዝ!» ይላል። እንዳይያዝ የሚመኝለት ሰው ገዳይ ነው። ተመልካቹ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ታሪኩ የላይትን ሐሳብ ያሰማዋል፣ ክፍሉን በላይት ዓይን ያሳየዋል፣ የላይትን ፍርሃት ያካፍለዋል። በአንጻሩ ስማቸው የተጻፈባቸውን ሰዎች ኑሮ አያሳየውም። በአገራችንም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1970ዎቹ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ አድማጩ የተጨነቀው ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ነበር። እነርሱ ግን የተበደሉ ነበሩ፤ አድማጩም ከተበደለው ጋር ቆመ። እንግዲህ ልባችን የሚያዝነው ሁልጊዜ ለንጹሑ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው ዓይኑን ላዋሰን ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ ባለ ሥልጣኖችንም አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና በሸንያንግ ከተማ ተማሪዎች ደብተራቸውን የሞት ደብተር አስመስለው የሚጠሏቸውን ጓደኞችና መምህራን ስም መጻፍ በመጀመራቸው የትምህርት ኃላፊዎች ታሪኩን ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ2015ም የቻይና ባህል ሚኒስቴር ከከለከላቸው 38 የጃፓን ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። ልጆች በጓደኛቸው ሞት ሲቀልዱ ማየት የሚያሳስብ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ክልከላ ደብተሩን ይሰበስብ ይሆናል እንጂ ተማሪው ያንን ስም ለምን እንደጻፈ አያስረዳውም። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ውይይት ነው።

ስለዚህ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚመለከት ሰው ታሪኩ ካበቃና ልቡ ከረጋ በኋላ ሦስት ነገሮችን ራሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ታሪኩን ያየሁት በማን ዓይን ነው? ስሙ ብቻ ተጠርቶ ኑሮው ያልታየው ማን ነው? ያ ሰው ታሪኩን ቢተርክልኝ ኖሮ የምጨነቀው ለማን ነበር? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው የታሪኩ ደስታ አይቀንስበትም፤ ፍርዱ ግን በራሱ እጅ ይቆያል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በካርቱም ተመልካቾች ፊልም የሚያዩበት ሁኔታ እንዴት እንደተለወጠ በአጭሩ አስረዱ።
2. በድንጋጤና በልብ መንጠልጠል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. «ዓይኑን ያዋሰን ሰው» የሚለው አገላለጽ በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት ነው?
4. ያነበባችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ ታሪክ ምረጡና ከሌላ ገጸ ባሕርይ አንጻር በአንድ አንቀጽ እንደገና ጻፉት።