በሽታ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም

የጎረቤት ቤት በተቃጠለ ጊዜ የራስን ጣሪያ በውሃ ማራስ የአስተዋይ ሰው ተግባር ነው። ለመንግሥታትም ደንቡ ይኸው ነው።

በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተቀሰቀሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዋጊዎች ማዕከላዊውን የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ይዘው ባለሙያዎቹን አስወጡ። በውስጡ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች ነበሩና የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 17 ቀን ከባድ አደጋ መደቀኑን አስታወቀ።

ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በከፊል በገላባት በኩል መተማ ገባ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በመተማ አቅራቢያ በኩመር የስደተኞች ጣቢያ ኮሌራ ተነሣ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሱዳንም በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱን አወጀች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰው አልባ አውሮፕላኖች የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን በመምታታቸው ካርቱም ንጹሕ ውሃ አጣች፤ ኮሌራም ተስፋፋ።

ከሰኔ 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ ለሌሎች አገሮች የሚያሰጋ ወረርሽኝ ሲገኝ መንግሥት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቅ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2008፣ ሱዳን በ2009 ዓ.ም. ዝግጅታቸውን በውጭ ባለሙያዎች ያስመረመሩት የአንዱ ጉድለት ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ነው።

ነገር ግን ላቦራቶሪው የተዘጋበት አገር ምኑን መርምሮ ምኑን ያስታውቃል? እንግዲህ የአንዱ ላቦራቶሪ ሲዘጋ ናሙናውን የሚመረምርለት ጎረቤት በሰላሙ ጊዜ ተስማምቶ መገኘት አለበት። ላቦራቶሪና የውሃ ማጣሪያ ምሽግ አይደሉም፤ የወታደሩም የከተሜውም የጋራ ጋሻ ናቸው።